ፓይተንን አልፎ ከርነሉን ራሱን ስለ ፎልደር መጠየቅ ያዋጣል? የጅማው ልጅ ጥያቄና የመጡለት ምላሾች

ይህንን የኢንተርኔት የጥያቄና መልስ ክር የከፈተው ጅማ ውስጥ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ የኮምፒውተር ጥገናና የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ወጣት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ስካን ሲያደርግ የከረመውን ወረቀት በውጭ ዲስክ ጭኖ፣ በዓመተ ምሕረትና በቀበሌ ለይተህ አምጣ ብሎ ሰጥቶታል። ልጁ ዲስኩን ወደ ራሱ ሊኑክስ ገልብጦ ሲከፍተው ያገኘው አንድ ፎልደር ብቻ ነው። ምስሉ ሁሉ እዚያው ተከምሯል፤ ብዛቱ ወደ ሚሊዮን ይጠጋል። ፋይል ማሳያውን ቢከፍት መስኮቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። በፓይተን የጻፈው ስክሪፕትም አንድ መስመር ሳያወጣ ቁጭ አለ።

ከዚህ ተነስቶ የደረሰበት ድምዳሜ ጠንከር ያለ ነበር። ፓይተን ለእንዲህ ያለ ሥራ አይሆንም፣ በመሃል ያለውን ሁሉ አልፎ ከርነሉን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል አለ፤ የፎልደር ስሞችን ከከርነሉ በቀጥታ የሚያመጣውን፣ ጌትዴንትስ64 የሚባለውን ጥሪ ማለቱ ነው። ለመለማመጃ ያህል ሲታይፕስ በሚባለው የፓይተን ሞጁል በኩል የሲ ቋንቋ ላይብረሪውን ኦፕንዲር (ፎልደር ከፋቹን) እና ሪድዲር (ስም አንባቢውን) ለመጥራት ሞክሮ፣ ፕሮግራሙ ወዲያው በሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ ሚሞሪ በመንካት) ሞተበት። ኮዱን ለጥፎ ሁለት ነገር ጠየቀ፦ የሚሞተው ለምንድን ነው? ወደ ከርነሉ መውረዱስ ያዋጣል ወይ?

ክሩን ከመጀመሪያው ተከታትየዋለሁ፤ በመሃልም ገብቼበታለሁ። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአማርኛ እስከ ሥሩ ድረስ ሲወራ እምብዛም ስለማላይ፣ ኋላ ለሚመጣ አንባቢ ምላሾቹን በተራቸው ማስቀመጥ ወደድኩ።

1ኛው ምላሽ ሰጪ በትሕትና ነው የጀመረው። ወንድሜ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ኮዱን ከመንካቱ በፊት የፓይተኑን ቨርዥን፣ የዲስኩን ዓይነትና ስክሪፕቱ ስሞቹን በምን እንደሚያመጣ ጠየቀ። ሊስትዲር በሚባለው የፓይተን ፋንክሽን ከሆነ፣ ስሞቹን በሙሉ ሰብስቦ ሳይጨርስ አንዷንም እንደማይሰጥ፣ ዝምታው በከፊል ከዚያ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። 2ኛው ይህንኑ ደግፎ ስካንዲር የሚባለውን ሌላ የፓይተን ፋንክሽን አስታወሰ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፓይተን 3.5 ጋር የመጣ ነው፤ ስሞቹን እያነሳ አንድ በአንድ ያቀብላል፣ ከስሙም ጋር ነገሩ ፋይል ይሁን ፎልደር አብሮ ይናገራል። ኦኤስ ዎክ የሚባለው ፋንክሽን በዚያው ቨርዥን በስካንዲር ላይ እንደገና በመሠራቱ፣ በሊኑክስና በመሰሎቹ ከ3 እስከ 5 እጥፍ፣ በዊንዶውስ ደግሞ ከ7 እስከ 20 እጥፍ እንደፈጠነ የፓይተን ሰነድ ራሱ እንደሚመሰክር ጨመረበት።

ሁለቱም የተናገሩት ትክክል ነው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን አልነኩትም። እሱን የመለሰው 3ኛው ነው። ሲታይፕስ ካልተነገረው በቀር ከሲ ፋንክሽን የሚመለስለትን ሁሉ ኢንት ነው ብሎ ይቀበላል። ኢንት የሚባለው ሙሉ ቁጥር 32 ቢት ነው። ኦፕንዲር የሚመልሰው ግን ፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ) ነው፤ በዛሬ ማሽን 64 ቢት። የላይኛው ግማሽ ተቆርጦ ይጣልና የቀረው ቁጥር የትም የማያደርስ አድራሻ ይሆናል፤ ሪድዲር እዚያ ሄዶ ሊያነብ ሲሞክር ከርነሉ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። መድኃኒቱ የኦፕንዲርን ሬስታይፕ (የሚመለሰውን ዓይነት) ቮይድ ፖይንተር ነው ብሎ አስቀድሞ ማስታወቅ ነው።

በ4ኛው ላይ ጠያቂው ተመልሶ መጣ። አመስግኖ፣ የተባለውን አድርጎ፣ አሁንም እንደሚሞትበት ተናገረ። እዚህ ላይ ብዙ ክር ይቋረጣል፤ ሰው ይሰለቻል ወይም ጠያቂው ራሱ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። 5ኛው ምላሽ ሰጪ ግን ቁጭ ብሎ ኮዱን መስመር በመስመር ያነበበ ሰው ነው። ፖይንተሩ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ሲገባም እንደሚቆረጥ አሳየ፦ አርግታይፕስ (የሚገባው ዓይነት) ካልተጻፈ ፓይተን ቁጥሩን ለሪድዲር ሲያቀብል እንደገና ኢንት አድርጎ ያሳጥረዋል። ስለዚህ የሚገባውም የሚወጣውም መታወጅ አለበት። በዚህ አላበቃም። ሪድዲር የሚመልሰው ፖይንተር የሚያሳየው ሚሞሪ የላይብረሪው እንጂ የጠሪው እንዳልሆነ፣ በሚቀጥለው ጥሪ ሌላ ስም ሊጻፍበት እንደሚችል፣ ስለዚህ ስሙን ወዲያው ወደ ፓይተን ባይትስ መገልበጥ እንደሚያስፈልግ አስጠነቀቀ። ሪድዲር ባዶ ፖይንተር ሲመልስ ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችልም ተናገረ፦ ወይ ስሞቹ አልቀዋል፣ ወይ ስሕተት ተፈጥሯል። ሁለቱን የሚለየው ኤርኖ የሚባለው የስሕተት ቁጥር ብቻ ነው፤ ከመጥራት በፊት ዜሮ ማድረግ፣ ከጠሩ በኋላ ማየት። ለዚህም ላይብረሪው ሲከፈት ዩዝ ኤርኖ የሚለው ምርጫ ካልበራ ፓይተን ትክክለኛውን ቁጥር ላያሳይ ይችላል።

በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ ምላሽ ይህ ነው። ከስክሪፕት ቋንቋ ወደ ሲ መውረድ ማለት የሚሞሪው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የቁጥሩ ስፋት ስንት እንደሆነ፣ የዝምታው ትርጉም ምን እንደሆነ ራስ መያዝ ማለት ነው። ፓይተን እነዚህን ሁሉ ሳይነግረን ሲሸከምልን ኖሯል።

6ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሲ የማያውቅ ሰው ሲታይፕስ መንካት እንደሌለበት፣ የዘንድሮ ልጆች አንድ ቪዲዮ አይተው ከርነል ሊነኩ እንደሚነሱ፣ ጠያቂውም ሥራውን ትቶ ጉራ ፍለጋ እንደወጣ ጻፈ። 7ኛው በዚያው ልክ መለሰለት፦ እሱም ሲወለድ ሲ እያነበበ እንዳልተወለደ፣ የጠየቀን ሰው ማሸማቀቅ እውቀት እንዳልሆነ፣ የሚያውቀው ነገር ካለ ያንን ቢጽፍ ለሁሉም እንደሚጠቅም። ጠያቂውን አውቀዋለሁ። የተረከበው ዲስክ የሰው የይዞታ ወረቀት ስካን ያለበት በመሆኑ እንቅልፍ አጥቶ የሚሠራ ልጅ ነው፤ የ6ኛው ቃል አልተገባውም።

8ኛውን የጻፉት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። ጠቡን በአንድ ቃል ሳይነኩ ታሪክ ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ ቨርዥን ፎልደር ማለት እንደ ማንኛውም ፋይል ሪድ በሚባለው የማንበቢያ ጥሪ የሚነበብ ነገር ነበር። እያንዳንዱ ስም 16 ባይት ይይዛል፤ 2ቱ የኢኖድ (ዲስኩ ላይ ያለው የፋይሉ መዝገብ) ቁጥር፣ 14ቱ ስሙ። ፕሮግራሞች ሁሉ ይህንን ልክ በቃላቸው ይዘው ራሳቸው ይቆርጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የበርክሌይ ዩኒክስ 4.2 ስሙን እስከ 255 ባይት ሲያስረዝመው ግን የስሞቹ ልክ ተለያየ፣ በቃል መያዝም ቀረ። ኦፕንዲር፣ ሪድዲርና ክሎዝዲር የተስፋፉት ያኔ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊው የዲስኩን ቅርጽ እንዳያውቅ ለመጋረድ። ዛሬ በሊኑክስ ፎልደርን ከፍቶ በሪድ ለማንበብ የሚሞክር ሰው የሚያገኘው ስሕተት ቁጥር 21 ነው፤ ይህ ፎልደር ነው ይለዋል። ጋሼ በጨዋ ቃል የጠየቁት ይህን ነው፦ መጋረጃውን መግለጥ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደተጋረደ አውቆ ይግለጠው።

9ኛው የእኔ ነው። ያደረግኩት ቁጥር ማስላት ብቻ ነው። ጌትዴንትስ64 ለእያንዳንዱ ስም የሚጽፈው መዝገብ እንዲህ ይከፋፈላል፦ 8 ባይት የኢኖድ ቁጥር፣ 8 ባይት ቦታ ጠቋሚ፣ 2 ባይት የመዝገቡ ርዝመት፣ 1 ባይት ዓይነት፣ ከዚያ ስሙ ራሱና መዝጊያው ዜሮ። ስሙ የሚጀምረው እንግዲህ ከ19ኛው ባይት በኋላ ነው። የመዝገቡ ጠቅላላ ልክ ለ8 እንዲካፈል ይሞላል። በግዕዝ ፊደል 20 ፊደል ያለው ስም ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 60 ባይት ነው፤ ከ19ኙና ከመዝጊያው ጋር 80። የሲ ላይብረሪው በተለምዶ 32,768 ባይት በሚይዝ ባፈር (ጊዜያዊ የሚሞሪ ቦታ) ነው የሚቀበለው፤ ስለዚህ በአንድ የከርነል ጥሪ 409 ስም ይመጣል። ሚሊዮን ስም ለማምጣት 2,445 ጥሪ ይበቃል። ያው ስም በላቲን ፊደል ቢሆን መዝገቡ 40 ባይት ይሆንና 1,222 ጥሪ በቂ ነው።

አሁን የጠያቂው ስክሪፕት የሚያደርገውን እንይ። ለእያንዳንዱ ስም ፋይል ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ መጠንህ ስንት ነው ይላል። ሁለቱም ስታት የሚባል የየራሳቸው የከርነል ጥሪ አላቸው። ሚሊዮን ፋይል ካለ ሁለት ሚሊዮን ጥሪ ማለት ነው፣ ከ2,445ቱ ጎን። የቡና መጋዘን ጠባቂን የከረጢቶቹን ዝርዝር ከመዝገብህ አንብብልኝ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዱ ከረጢት ገብተህ አይተህ ተመለስ ማለት ሌላ ነው። ስለዚህ ጠያቂው የጠረጠረው ቦታና ጊዜው የሚያልቅበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸውን ጻፍኩ፤ የከርነል ጥሪዎችን በሚመዘግበው ኤስትሬስ የጥሪዎቹን ብዛት እንዲቆጥርና ራሱ እንዲያይም ጠየቅኩት።

10ኛው በከፊል ተቃወመኝ፤ ተቃውሞውም ጠቃሚ ነበር። ጥሪ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ ዋናው ወጪ የዲስኩ ራስ ወዲያ ወዲህ መሄዱ ነው አለ። ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም በትልቅ ፎልደር ውስጥ ስሞቹን የሚያወጣው በሃሽ (ከስሙ በሚሰላ ቁጥር) ቅደም ተከተል ነው፤ ኢኖዶቹ ዲስኩ ላይ ከተደረደሩበት ጋር አይገጥምም። በወጡበት ተራ ስታት ካደረግናቸው ዲስኩ እየዘለለ ይሠራል። ስለዚህ መጠኑ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ መጀመሪያ ስሞቹን ከኢኖድ ቁጥራቸው ጋር ሰብስቦ፣ በኢኖድ ቁጥር ደርድሮ፣ ከዚያ መጠየቅ ይሻላል። የኢኖዱ ቁጥር ደግሞ ከስሙ ጋር በነጻ የመጣ ነው፤ ስካንዲርም ይሰጠዋል።

11ኛው ጠያቂው ነው። በኤስትሬስ ቆጥሮ እንዳየው፣ የስታቱ ብዛት ሌላውን ሁሉ እንደዋጠው፣ ፋይል ነህ ወይ የሚለውን ጥያቄ ትቶ ከስካንዲር የሚመጣውን ዓይነት ሲጠቀም ስክሪፕቱ ወዲያው ስም ማውጣት እንደጀመረ ተናገረ። መጠኑንም በ10ኛው ምክር በኢኖድ ተራ ሲጠይቅ የዲስኩ መንቋቋት ረግቶለታል። በዚያው አንድ አዲስ ነገር አነሳ፦ ከውጭ ዲስኩ ሲገለብጥ አንዳንድ ፋይሎች አልገለበጥም ብለውት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልገባውም።

12ኛው አጭር ማስጠንቀቂያ ነው። የዓይነቱ ባይት 8 ሲሆን ተራ ፋይል፣ 4 ሲሆን ፎልደር፣ 10 ሲሆን ምልክታዊ ሊንክ ነው፤ 0 ሲሆን ግን አላውቅም ማለት ነው። ሁሉም ፋይል ሲስተም ዓይነቱን አይሞላም፤ ለምሳሌ ኤፍታይፕ የሚባለው ምርጫ ሳይበራ የተሠራ የድሮ ኤክስኤፍኤስ ፋይል ሲስተም ዜሮ ይመልሳል። ጌትዴንትስን ራሱ የሚጠራ ሰው ለዜሮው የስታት መውጫ ማዘጋጀት አለበት፤ ስካንዲር ይህንን በራሱ ያደርጋል። 13ኛው ወደ ፒኤችፒ ቋንቋ ወሰደን። በፒኤችፒ ሪድዲርን በሉፕ ሲጠሩ መልሱን ከፎልስ (ሐሰት) ጋር ባለ ሦስት ቁምፊው ምልክት (!==) ማወዳደር ግድ እንደሆነ፣ አለበለዚያ ስሙ ዜሮ የሆነ ፋይል ሲመጣ ሉፑ ያለቀ መስሎት እንደሚያቆም፣ እሱም በእንዲህ ያለ ፋይል ምክንያት ግማሽ ፎልደር ሳያይ ባክአፕ ሲያደርግ እንደቆየ አጫወተን።

14ኛው አጋሮ የሚኖር ሰው ነው። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ አማርኛ ተሻገረ፣ ያመጣውም ነገር የሁላችንም ችግር ነበር። በእኛ አካባቢ አንድ ፎልደር ውስጥ በቁቤ (በላቲኑ የአፋን ኦሮሞ ፊደል) የተጻፈና በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ጎን ለጎን ይኖራል። በቁቤ ሁዻ የሚባለውን የጭረት ምልክት (') አንዱ ጸሐፊ ቀጥ ባለው ጭረት ይጽፈዋል፤ እሱ 1 ባይት ነው። ሌላው ዎርድ ጎብጦ ያወጣለትን ይገለብጣል፤ እሱ 3 ባይት ነው። ለዓይን አንድ ስም ነው፤ ለከርነሉ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ፋይሎች ናቸው። በአማርኛም ኃይሌ፣ ሃይሌና ሀይሌ ለአንባቢ አንድ ሰው፣ ለማሽኑ ሦስት ሰው ናቸው። ሊኑክስ በፋይል ስም ውስጥ የሚከለክለው ዜሮ ባይትንና ስላሽን ብቻ ነው፤ የተቀረው ባይት ምን ፊደል እንደሆነ አይጠይቅም፣ አያስተካክልም። ስለዚህ የባለጉዳይ ስም ሲፈለግ አንዱን ዓይነት አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ስክሪፕት የሰው ወረቀት ጠፍቷል ብሎ እንደሚመልስ በምሬት ጻፈ። ይህ ለእኔ ከፍጥነቱ ጥያቄ ይበልጣል። ወረቀቱ እያለ የለም የተባለ ገበሬ እንደገና ከወረዳ ወረዳ ሊመላለስ ነው።

15ኛዋ በ11ኛው ላይ የተነሳውን የመገልበጥ ችግር ፈታችው። ኤክስት4 ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ ቆጠራው በባይት እንጂ በፊደል አይደለም። ለግዕዝ ፊደል 255 ሲካፈል ለ3፣ 85 ፊደል ይሆናል። የዊንዶውሱ ፋይል ሲስተም ኤንቲኤፍኤስ ግን 255 የዩቲኤፍ 16 ክፍል ነው የሚቆጥረው፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ አንድ ክፍል ስለሆነ 255 ፊደል ይፈቅዳል። ዊንዶውስ ላይ የደብዳቤውን ርዕስ ከነሙሉ ቃሉ የፋይል ስም ያደረገች ጸሐፊ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ስሙ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር ግን ስሕተት ቁጥር 36 ይወጣል፣ ስሙ ረዘመ ብሎ። እኛ 85 ላይ ስንቆም ቁቤ 255 ይሄዳል። ምክሯ ያልተገለበጡትን ለብቻ መዝግቦ፣ አጭር ስም ሰጥቶ፣ ሙሉውን ርዕስ በሌላ ሠንጠረዥ መያዝ ነው። ጠያቂው ይህንን ባያደርግ ኖሮ የጎደሉት ፋይሎች በዝምታ ጎድለው ይቀሩ ነበር።

16ኛው እዚህ ላይ ገብቶ ጉዳዩን ሁሉ በአንድ ምት ሊዘጋ ፈለገ። የፋይል ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ መጻፍ እንዳለበት፣ በአማርኛ ስም የሚሰጥ ሰው ችግር እየጠራ እንደሆነ፣ ባለሙያ እንዲህ እንደማይሠራ ጻፈ። 17ኛው ተቆጣ። ስሙን የሚፈልጉት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው፣ ለፕሮግራም ጸሐፊ ምቾት ሲባል ጸሐፊዋ አማርኛውን ወደ ላቲን እየቀየረች ትጻፍ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያም ላቲኑን በምን ዓይነት አጻጻፍ ብላ? አንዱ ስም በአምስት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ሊወጣ ይችላል። 16ኛው በ18ኛው ተመልሶ 17ኛውን ስሜተኛ አለው፤ ሌሎችም አንድ ሁለት ቃል ወረወሩ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

የራሴን ፍርድ ልናገር። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አግኝቷል፣ ከርነሉ ባይቱን ሳይነካ ይይዛል፣ ሪድዲርም እንዳለ ይመልሰዋል። የሚሰናከለው በመሃል ያለው የኛ ኮድ ነው። 85 ፊደል ለስም በቂ ነው። ፊደላችን ማሽኑ ውስጥ የሚኖረው በምናወርደው ፎንት ብቻ አይደለም፤ ለፋይሎቻችን በምንሰጠው ስምም ጭምር ነው። 19ኛው ይህንን የሚያጠናክር ነገር አመጣ፦ በዩቲኤፍ 8 የተጻፉ ስሞችን በባይት ብንደረድር ከሀ ለ ሐ መ ተራ ጋር ይገጥማሉ፣ ምክንያቱም ዩኒኮድ ፊደላችንን በዚያው ተራ አስቀምጦታል፣ ዩቲኤፍ 8ም ተራውን ይጠብቃል። ሌላ ቅንብር አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ታሽገው በሌላ ኢንኮዲንግ የወጡ የተበላሹ ስሞች ሲያጋጥሙ ደግሞ ፓይተን ከ3.1 ጀምሮ ባይቶቹን ሰረጌት ኤስኬፕ በሚባል ዘዴ እንደሚያቆያቸው፣ ፋይሉ በዚያ ስም ሊከፈት እንደሚችል፣ ስሙን በቀጥታ ፕሪንት ማድረግ ግን ስሕተት እንደሚያስከትል አስረዳ። በጣም ለተጠራጠረ ሰው ለስካንዲር የፎልደሩን ስም በባይትስ መስጠት ነው፤ መልሱም በባይትስ ይመጣል።

20ኛው ጅማ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ሲጠፋ ይህ ሁሉ መገልበጥ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ፤ 21ኛው ጄኔሬተር መከረ፣ ሌላ ሰው በመሃል የዘንድሮ ቡና በኪሎ ስንት ገባ አለ፣ አንዱም ጥሩ ማኪያቶ የሚገኝበትን ቤት ነገረው። ከዚያ ውስጥ ለጉዳዩ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ ኤክስት4 ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ስላለው መብራት ሲጠፋ የፎልደሩ አወቃቀር አይፈርስም፤ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ግን ጎዶሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በሌላ ስም ጽፎ ሲያበቃ በሪኔም (በስም መቀየሪያው) ወደ ስሙ ማምጣት ይገባል።

22ኛው ጠያቂው መጀመሪያ የፈለገውን ሙሉ ኮድ ጻፈለት፤ አልናቀውም፣ አላሾፈበትም። ፎልደሩን በኦኤስ ኦፕን ከፍቶ የፋይል ቁጥሩን መያዝ፣ በሲታይፕስ የባይት ባፈር መፍጠር፣ ከዚያ የሲ ላይብረሪውን ሲስኮል (የከርነል ጥሪን በቁጥር የሚጠራውን) ፋንክሽን በኢንቴልና ኤኤምዲ 64 ቢት ማሽን በቁጥር 217 መጥራት። የሚመለሰው ቁጥር የተሞላው ባይት ብዛት ነው፤ 0 ሲሆን አልቋል፣ ከዜሮ ካነሰ ስሕተት ነው። ባፈሩ አንድ መዝገብ እንኳ የማይችል ጠባብ ከሆነ ስሕተት 22 ይመጣል። በባፈሩ ውስጥ የሚሄዱት በመዝገቡ ርዝመት ልክ ብቻ ነው፤ ስሙ ያለቀበትን ቦታ አይቶ ወደ ቀጣዩ መሻገር አይቻልም፣ ምክንያቱም ከስሙ በኋላ መሙያ ባይት አለ። ፎልደሩን ራሱንና የላዩን ፎልደር የሚወክሉት . እና .. የሚባሉት ስሞችም አብረው ይመጣሉ፤ ራስ ነው የሚያወጣቸው። ኮዱ ንጹሕ ነው። ጽፎ ሲያበቃ ግን እያንዳንዱን መዝገብ በፓይተን መፍታት በሲ ከተጻፈው ስካንዲር እንደሚዘገይ በግልጽ ተናገረ። ትልቅ ባፈር የሚያተርፈው ከ2,445ቱ ጥሪ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ መጀመሪያውኑ ትንሹ ወጪ ነው።

23ኛው ፎልደሩን እያነበቡ ከውስጡ ፋይል ስለማዛወር አስጠነቀቀ። ከኦፕንዲር በኋላ የገባ ወይም የወጣ ስም ይታይ አይታይ ፖዚክስ የሚባለው የዩኒክስ መሰሎች ደንብ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ዙር ስሞቹን በሙሉ ወደ ጽሑፍ ፋይል ማውጣት፣ ከዚያ ከዝርዝሩ እያነበቡ ማዛወር ይሻላል። የተዛወረበት የድሮ ፎልደርም በኤክስት4 ባዶ ሆኖ እንኳ መጠኑ አይቀንስም፤ አጥፍቶ አዲስ መፍጠር ነው። በሼል ኮከብ ምልክት ልሰርዝ የሚል ሰው ደግሞ ስሞቹ በሙሉ ትእዛዙ ላይ ስለሚዘረገፉ ዝርዝሩ ረዘመ ተብሎ ይመለሳል፤ ፋይንድ የሚባለው ትእዛዝ በዴሊት ምርጫው ይሠራዋል።

24ኛው የጠያቂው መደምደሚያ ነው። ሁለቱንም መንገድ በዚያው ፎልደር ላይ ሞክሮ፣ ጌትዴንትሱ በትክክል ቢሠራም ከስካንዲር ብልጫ ስላላሳየው ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስረክበውን በስካንዲር እንደጻፈው፣ ምስሎቹን በዓመትና በቀበሌ እንደከፋፈለ፣ ረጃጅም ስሞቹን በሠንጠረዥ እንደያዘ ነገረን። የጌትዴንትሱን ኮድ ግን አልጣለውም፤ እንዴት እንደሚሠራ በማወቁ ስካንዲርን አሁን እንደሚያምነው ጻፈ። 6ኛው ሰው እዚህ ላይ አንድ አጭር መልካም ቃል አስፍሯል፤ ደስ ብሎኛል።

ክሩ አለቀ ስንል 25ኛዋ መጣች። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የምትማር ተማሪ ናት፤ ላፕቶፕ ስለሌላት በስልኳ ተርመክስ በሚባለው የሊኑክስ ተርሚናል መተግበሪያ ላይ ትለማመዳለች። የ22ኛውን ኮድ ሳትቀይር ብታስኬደው አንድም ስም አልወጣላትም። 26ኛው ምክንያቱን ነገራት፦ የጥሪ ቁጥር በፕሮሰሰሩ ዓይነት ይለያያል። በስልኮች ላይ ባለው የአርም 64 ቢት ጌትዴንትስ64 ቁጥሩ 61 ነው፤ 217 እዚያ አድ ኪ የሚባል፣ ለከርነሉ የምስጢር ቁልፍ የሚያስረክብ፣ ከፎልደር ጋር ምንም የማይገናኝ ጥሪ ነው። ቁጥር በኮድ ውስጥ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ማሽኑን ይጠይቅ፤ ፕላትፎርም ማሽን የሚለው የፓይተን ፋንክሽን ይመልሳል። 27ኛው እንደጨመረው ግሊብሲ (በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ከ2.30 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ፣ ጌትዴንትስ64ን በስሙ ስለሚያቀርበው በኮምፒውተር ላይ ቁጥሩን መጻፍም አያስፈልግም፤ ስልክ ላይ ግን ያለው ሌላ የሲ ላይብረሪ ስለሆነ ግሊብሲ ላይ የተጻፈ ሁሉ እዚያ አለ ብሎ መገመት አይቻልም። ተማሪዋ 217ን በ61 ተክታ፣ የስልኳ ፎልደር ስሞች ከነኢኖድ ቁጥራቸው ሲወጡ ውጤቱን ለጥፋዋለች፤ 22ኛውም ኮዱን ሁለቱን ፕሮሰሰሮች እንዲለይ አድርጎ አሻሽሎታል።